አንገቷን ወደ ኋላ የምትጥለው ለመተንፈስ ነበር

ልጄ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ስትተነፍስ ድምፅ ነበራት። አየር ስትስብ ሻካራ፣ ስታስወጣ ደግሞ ውኃ በቋጠረ ቱቦ ውስጥ እንደሚያልፍ ትንፋሽ ያለ ድምፅ ሲሆን፣ በሩ ተዘግቶም ቢሆን ከሌላ ክፍል ይሰማን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ሲወለዱ የሚውጡት ፈሳሽ ነው፣ በራሱ ይጠፋል» ተባልን፤ እኛም የመጀመሪያ ልጃችን በመሆኗ ጤነኛ ሕፃን እንዴት እንደሚተነፍስ የምናመሳክርበት ነገር ስላልነበረን አመንን። የድምፁን ምክንያት እስክናውቅ ሰባት ወር ፈጀብን። አኦርታ የሚባለው፣ ከልብ የሚወጣው ዋናው የደም ቧንቧ፣ በልጄ ደረት ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በግራ ከፊት፣ ሌላው በቀኝ ከኋላ ዞሮ እንደገና በመገጣጠም የመተንፈሻ ቧንቧዋንና የምግብ ቧንቧዋን እንደ ቀለበት አቅፎ ይጫናቸው ነበር፤ ይህ ችግር «የደም ቧንቧ ቀለበት» ይባላል። በእነዚያ ሰባት ወራት የሠራናቸውን ስህተቶች እዚህ የማሰፍረው፣ ይህን ድምፅ አሁን በቤቱ የሚሰማ ወላጅ ካለ የእኛን ያህል እንዳይዘገይ ብዬ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ያየን ሐኪም ላሪንጎማላሲያ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረን። ይህ ከድምፅ ሳጥን በላይ ያለው ለስላሳ ሥጋ አየር በተሳበ ቁጥር ወደ ውስጥ እየወደቀ የሚፈጥረው ችግር ነው፤ ሕፃናት ሲተነፍሱ ለሚሰማ ሻካራ ድምፅም ዋነኛው ምክንያት እሱ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ያለ ቀዶ ሕክምና ይተዋቸዋል። ስለዚህ የሐኪሙ ግምት ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ «ይተዋታል» የምትለዋን ቃል ይዤ ድምፁን ማዳመጥ አቆምኩ። ሳዳምጥ ብቆይ ኖሮ ሁለት ነገር ልብ እል ነበር። በላሪንጎማላሲያ ድምፁ የሚሰማው በአብዛኛው አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ነው፤ የልጄ ግን ሲገባም ሲወጣም ነበር። በላሪንጎማላሲያ ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ ይብስበታል፣ ነቅቶ ሳለ በሆዱ ሲያዝ ይቀልለታል፤ ልጄን ግን በክንዴ ላይ በሆዷ ብይዛትም፣ ቀጥ አድርጌ ባቅፋትም ለውጥ አልነበረም። እነዚህን ሁለት ምልክቶች ብቻ ይዞ ሐኪም ዘንድ መመለስ ይቻል ነበር።

ጡት ስትጠባ አራት አምስት ጊዜ ትስብና ትለቀዋለች፤ ግንባሯ በላብ ይርሳል፤ ጥቂት ተንፍሳ እንደገና ትይዛለች። አንድ ጊዜ ለማጥባት አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጅብን ነበር። በየቀኑ ታቀረሻለች፣ ብዙ ጊዜም ትን ይላታል። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይመለስባታል ተብሎ መድኃኒት ታዘዘላት። ክብደቷ ለሁለት ወር ያህል ከመጨመር ታቀበ፤ እኔም ወተቴ አንሶ ይሆናል እያልኩ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ።

ከሁሉ ይልቅ ዛሬም የሚቆረቁረኝ የአንገቷ ነገር ነው። ልጄ ስትተኛ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ቀልብሳ፣ አገጯን ወደ ላይ አንሥታ፣ ጀርባዋን እንደ ቀስት ለጥጣ ነበር። አያቷና እኔ ይህን እንደ መጥፎ አተኛኘት ስለቆጠርነው፣ በሌሊት እየተነሣሁ ጭንቅላቷን ቀና አደርገዋለሁ፤ ወዲያው ድምፁ ይጨምራል፣ ትቁነጠነጣለች፣ ጥቂት ቆይታም ተመልሳ ወደ ኋላ ትቀለብሰዋለች። እኔም መልሼ አቀናዋለሁ። ለሳምንታት እንዲህ ስንታገል ቆየን። በኋላ እንደተረዳሁት፣ አንገት ወደ ኋላ ሲዘረጋ የመተንፈሻ ቧንቧው ስለሚወጠር ከውጭ የሚጫነውን ነገር በመጠኑ ይቋቋማል። የሦስት ወር ሕፃን የምትተነፍስበትን መንገድ ራሷ አግኝታ ነበር፤ እኔ ግን በየሌሊቱ እየተነሣሁ ስዘጋባት ኖሬያለሁ። ልጃችሁ ሁልጊዜ አንገቱን ቀልብሶ የሚተኛ፣ ስታስተካክሉትም መተንፈስ የሚከብደው ከሆነ፣ እባካችሁ ማስተካከሉን ትታችሁ ለሐኪም ንገሩ።

በሦስተኛው ወር የመጀመሪያው ጉንፋን ያዛትና ሆስፒታል ገባን። የጎድን አጥንቶቿ መካከል ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። ብሮንኪዮላይተስ (በሳንባ ውስጥ ያሉ ትንንሽ የአየር መተላለፊያዎች መቆጣት) ነው ተባለ። በአራተኛው ወር ተመልሰን ገባን፤ የሳንባ ምች ነው ተባለ። በአምስተኛው ወር ሳሏ እንደ ውሻ ጩኸት የጎላና የሚያስተጋባ ሲሆን፣ አስም ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚነፋ መድኃኒት ተጀመረላት። ይህ መድኃኒት በአየር መተላለፊያ ዙሪያ ያሉትን ጡንቻዎች የሚያላላ በመሆኑ አስም ያለበትን ልጅ ይጠቅማል፤ ቧንቧው ራሱ ልል ሆኖ ለተጨፈለቀበት ልጅ ግን ላይረዳ፣ አንዳንዴም ሊያብስበት ይችላል። በልጄ ላይ ምንም ለውጥ አላመጣም። ይህን የምለው የታዘዘ መድኃኒት በራሳችሁ እንድታቋርጡ አይደለም፤ መድኃኒቱ በአግባቡ ተሰጥቶ ምንም ካልረዳ፣ አለመርዳቱ ራሱ መረጃ ስለሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ተናገሩ።

አንድ ጉንፋን እንዲህ የሚጥላት ለምን እንደሆነ በኋላ የገባኝ በቀላል ስሌት ነው። የአራስ ሕፃን መተንፈሻ ቧንቧ ስፋት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቧንቧው ሲጠብ አየሩን የሚገታው ኃይል በእጥፍ ድርብ ስለሚጨምር፣ ቀድሞውኑ ከውጭ በተጨፈለቀ ቧንቧ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር እብጠትና ጥቂት አክታ ሲጨመር ለመተንፈስ የሚበቃ ቀዳዳ አይተርፍም።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተታችን ነገሩን ቆራርጠን መናገራችን ነው። ስለ ሳሏ ስንሄድ ስለ ሳሏ ብቻ አወራን፤ ስለ ማስመለሷ ስንሄድ ስለ ማስመለሷ፤ ስለ ክብደቷ ስንሄድ ስለ ክብደቷ። እያንዳንዱ ሐኪም በተነገረው ልክ ትክክለኛ የሚመስል መልስ ሰጠን። የመተንፈስ ችግርና የመዋጥ ችግር በአንድ ልጅ ላይ በአንድ ላይ መገኘታቸውን ማንም አላየም፤ ምክንያቱም ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገረ ሰው አልነበረም። ከሁሉም ጉብኝቶች የተሰጡንን ወረቀቶች በአንድ ማኅደር አድርጌ መያዝ የጀመርኩት በስድስተኛው ወር ነው፤ ከመጀመሪያው ሳምንት መጀመር ነበረብኝ።

በስድስተኛው ወር ተጨማሪ ምግብ አስጀመርናት። በሦስተኛው ቀን፣ በማንኪያ ጫፍ የሰጠኋትን የላመ ምግብ ዋጠችና ቀጥ አለች። አፏ ተከፍቷል፣ ዓይኗ ፈጥጧል፣ ድምፅ ግን የለም። ያ ስድስት ወር ሙሉ የሰለቸኝ ድምፅ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ከንፈሯ በመጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ ክንዶቿም ዝለው ወደቁ። በክንዴ ላይ ደፍቻት በትከሻዎቿ መካከል በመዳፌ ስመታት፣ አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ምግቡ ወጣና ትንፋሿ ተመለሰ። የዚያን ቀን የዋጠችው ምግብ ከቀለበቱ በላይ ተከማችቶ፣ ከፊቱ ያለውን የመተንፈሻ ቧንቧ ከኋላ በኩል እንደደፈነው በኋላ ተነገረን። የመተንፈሻ ቧንቧ ክፍት ሆኖ የሚቆየው በልም አጥንት ቅስቶች ቢሆንም፣ የጀርባ ግድግዳው ልም አጥንት የለውም። ይህን የትንታ እርዳታ የተማርኩት ከመውለዴ በፊት ነበር፤ ሕፃን ያላችሁ ሁሉ፣ ልጃችሁ ጤነኛ ቢሆንም፣ ተማሩት።

ሆስፒታል እንደደረስን በአፏ መመገብ ቆመና በአፍንጫዋ ወደ ሆዷ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ተደረገላት። በሁለተኛው ቀን ለጉብኝት የመጡት የሕፃናት ሐኪም ጉዳዩን የቀየሩት ሰው ናቸው። ካርዷን አንብበው ወዲያው መድኃኒት አላዘዙም፤ ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡና ለደቂቃዎች ዝም ብለው ትንፋሿን አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ድምፁ አየር ሲገባ ብቻ ነው ወይስ ሲወጣም?» አሉኝ። «ሲወጣም» አልኳቸው። «ከተወለደች ጀምሮ ድምፁ የጠፋበት ቀን አለ?» «የለም።» «ስትመገብ ይብሳል?» «አዎ፣ ይብሳል። ቪዲዮም አለኝ፣ ሊያዩት ይችላሉ?» አልኳቸው። ባለቤቴ ከሳምንታት በፊት ለአያቷ ሊልክ የቀረጸው፣ ስትጠባ የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነበር። ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያም ቀስ ብለው፣ «ይህች ልጅ ሳንባዋ ብቻ አይመስለኝም የታመመው፤ ከውጭ የሚጫናት ነገር ሊኖር ይችላል» አሉ።

በአራተኛው ወር የተነሣችውን የደረት ራጅ እንደገና አስወጡት። ምች ሲፈለግበት የነበረው ያው ፊልም፣ አሁን የመተንፈሻ ቧንቧውንና የአኦርታውን ቅስት ለማየት ሲነበብ፣ ቧንቧው ከቀኝ በኩል ተገፍቶ መጥበቡን ያሳይ ነበር። በማግሥቱ ባሪየም የተባለውን ነጭ ፈሳሽ በጥቂቱ እየዋጠች በራጅ ታየች፤ ፈሳሹ በምግብ ቧንቧዋ ሲወርድ ከቀኝ፣ ከግራና ከኋላ የተጫነ ቦታ በግልጽ ታየ። የልብ አልትራሳውንድ ቀደም ሲል ተነሥታ «ልቧ ጤነኛ ነው» ተብለን ነበር፤ እውነትም የልቧ ክፍሎች ጤነኞች ነበሩ። ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ ቅስቱን ለይቶ ካልፈለጉት፣ በተለይም ደም የማያልፍበት የተደፈነ የቀለበቱ ክፍል ካለ፣ ላያሳየው ይችላል። የመጨረሻውን ማረጋገጫ የሰጠው በደም ሥር በሚሰጥ ማቅለሚያ የተነሣው ሲቲ ስካን ነው። በማያ ገጹ ላይ ቀለበቱን ራሴ አየሁት፤ በመካከሉ ያለው የልጄ መተንፈሻ ቧንቧ እንደ ስንጥቅ ጠቦ ነበር።

ሐኪሟ እንዳስረዱኝ፣ ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልብ የሚወጡ ጥንድ ጥንድ የደም ቅስቶች ይኖሩታል፤ ስምንተኛው ሳምንት ገደማ ሲደርስ ብዙዎቹ ጠፍተው በግራ በኩል አንድ የአኦርታ ቅስት ይቀራል። በልጄ ላይ በቀኝ ያለው መጥፋት ሲገባው ቀረና ድርብ ቅስት ሆነ። በእርግዝና ወቅት የበላሁት ወይም የተውኩት ነገር ያመጣው እንዳልሆነ ደጋግመው ነገሩኝ፤ ደጋግሞ መስማቱ ያስፈልገኝ ነበር። ሌሎች ዓይነቶችም አሉ። አንዳንዱ ልጅ አንድ ቅስት ብቻ በቀኝ በኩል ይኖረውና፣ ወደ ግራ ክንድ የሚሄደው ደም ሥርና አንድ ጅማት ቀለበቱን ይዘጉታል። አንዳንዱ ደግሞ ወደ ግራ ሳንባ የሚሄደው ደም ሥር ከቀኙ ተነሥቶ በመተንፈሻና በምግብ ቧንቧዎች መካከል ይሾልካል፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ከራሱ ከመተንፈሻ ቧንቧው ጥበት ጋር ስለሚመጣ ሕክምናው ይከብዳል። ምንም ሳያስቸግር ዕድሜ ልክ የሚኖርም አለ። ስለዚህ የአንዱ ልጅ ታሪክ፣ የእኔንም ጨምሮ፣ የሌላውን ልጅ ሕክምና አይወስንም።

ምርመራው በታወቀ ዕለት ሐኪሟ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አስገርሞኝ ነበር። የአፍንጫ ቱቦው እንዲወጣ አዘዙ። ቱቦው በቀለበቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ከውስጥ ሆኖ የምግብ ቧንቧውን ግድግዳ ከአኦርታው ጋር እያፋተገ ሊቀድደውና ለሞት የሚያደርስ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ነገር ግን ልጃችሁ ይህ ችግር እንዳለበት ከታወቀ ወይም ከተጠረጠረ፣ ቱቦ ሊያስገባ ለሚመጣ ባለሙያ ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን። ጠንከር ያለ ምግብ ሙሉ በሙሉ ተወች፤ ፈሳሹን በትንሽ በትንሹና ቶሎ ቶሎ፣ ቀና አድርጌ ይዤ ሰጠኋት። ጉንፋን የያዘው ሰው ከእርሷ ጋር እንዳይገናኝ አጥብቀን ከለከልን፤ ቅር የተሰኙ ዘመዶች ነበሩ፣ ቢሆንም አልተጸጸትኩም። አንገቷንም እንደፈለገች እንድትተኛበት ተውኳት።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ በሥዕል አስረዱን። በግራ ጎኗ በአራተኛውና በአምስተኛው የጎድን አጥንት መካከል ገብተው፣ ከሁለቱ ቅስቶች አነስተኛውን፣ በልጄ ላይ ግራውን፣ ቆርጠው ጫፎቹን ይሰፋሉ። ከመቁረጣቸው በፊት ለጊዜው ቆንጥጠው ይይዙትና ደም ወደ ሁለቱ እጆቿና ወደ እግሮቿ በደንብ መድረሱን ያረጋግጣሉ። ከልደት በኋላ ደርቆ የሚቀረውን ጅማት አብረው ይቆርጣሉ፤ በቧንቧዎቹ ዙሪያ የተጣበቀውንም ያላቅቃሉ። ለዚህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና ልብን አቁሞ በማሽን መተካት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1945 በቦስተን ሮበርት ግሮስ የተባሉ ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ እንዳከናወኑት ሲነግሩን፣ ሥራው አዲስ ሙከራ አለመሆኑን ማወቄ ልቤን አሳረፈው። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት አስቀድመው የነገሩን ሦስት ነገሮች ከድንጋጤ አድነውናል። አንደኛው ድምፅዋ ሊጎረንን እንደሚችል ነው፤ የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዚያው በቀዶ ሕክምናው ቦታ ያልፋል። የልጄ ልቅሶ ለሦስት ሳምንት ያህል ሹክሹክታ ነበር፤ ከዚያ ተመለሰ። ሁለተኛው፣ መመገብ ስትጀምር ከደረቷ በቱቦ የሚወጣው ፈሳሽ ወተት የመሰለ እንደሆነ ወዲያው እንድንናገር ነው፤ ከምግብ የሚገኘውን ቅባት የሚያጓጉዝ ቧንቧ ከተነካ እንዲህ ይሆናል፣ ለጊዜው ልዩ ምግብም ያስፈልጋል። በእኛ ላይ አልደረሰም። ሦስተኛው ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ ድምፁ ወዲያው አይጠፋም።

ቢነግሩኝም ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኩትም ነበር። ቤት ገብተን የመጀመሪያዋን ሌሊት ያንኑ ሻካራ ትንፋሽ ስሰማ «ከንቱ ሆነ» ብዬ አለቀስኩ። ለወራት ሲጨፈለቅ የኖረው ልም አጥንት ልል ሆኖ ስለሚቀር፣ ቀለበቱ ቢፈታም ቧንቧው እስኪጠነክር ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ያን ሌሊት ድምፁን ቀርጬ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት መቅረጽ ቀጠልኩ። ከቀን ወደ ቀን የማይታወቀው ለውጥ የመጀመሪያውንና የስምንተኛውን ሳምንት አከታትዬ ስሰማ ጎልቶ ወጣ። የመዋጡ ነገር ግን ፈጥኖ ነው የተስተካከለው፤ በሁለተኛው ሳምንት ያለ ዕረፍት ጡት ጠብታ ጨረሰች። አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ ስትተኛ ያየሁትም በዚያው ሰሞን ነው፤ ደንግጬ ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አድርጌ ቆየሁ፣ ትንፋሿ እኩል ይመላለስ ነበር።

የቅስት ችግር ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ ላይ ክሮሞሶም 22 በሚባለው የዘር መረጃ ተሸካሚ ላይ የምትጎድል ትንሽ ክፍል ስለምትገኝ፣ የልጄም ደም ለዚህ ተመርምሮ ነጻ ሆነች። ይህ ጉድለት የካልሲየም መጠንንና በሽታ የመከላከል አቅምን ጭምር ሊነካ ስለሚችል፣ ምርመራው ካልተነሣላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ።

አሁን ሐኪም ዘንድ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ልጃችሁ ሲተኛ፣ ሲመገብና ሲያለቅስ የሚሰማውን ድምፅ በስልካችሁ ለየብቻ ቅረጹ፤ ስትቀርጹ ደረቱ እንዲታይ ልብሱን ግለጡ። ድምፁ መቼ እንደጀመረ፣ ሲገባ ነው ወይስ ሲወጣ፣ ጉንፋን በሌለበት ቀን ይኖር እንደሆነ፣ ሲመገብ ምን እንደሚሆን፣ ክብደቱ በየወሩ ስንት እንደነበር በአንድ ገጽ ጻፉና ገጹን ለሐኪሙ ስጡ። የተነሡ ራጆችን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። «የመተንፈሻ ቧንቧውን ከውጭ የሚጫነው ነገር ሊኖር ይችላል? የአኦርታው ቅስት በየትኛው በኩል ነው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መተንፈስ ካቋረጠ፣ ወይም በየትንፋሹ ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ መጥባት ካቃተው ግን ገጹም ቪዲዮውም ይቆይ፤ ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ «የደም ቧንቧ ቀለበት» የሚለውንም ቃል እዚያው በሩ ላይ ተናገሩ።